የባሕሩ አረንጓዴነት ጥጋብ አይደለም

ከምድር በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የባሕርን ቀለም እየለኩ በየቀኑ ካርታ ይልካሉ። በካርታው ላይ ጥቁር ሰማያዊው ምግብ የጠፋበት፣ አረንጓዴው ደግሞ ምግብ የተትረፈረፈበት ውኃ ተደርጎ ይነበባል። አረንጓዴውን የሚሰጠው ፋይቶፕላንክተን በሚባሉት፣ ተንሳፍፈው በሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ነው። ይህ ንባብ ለዓመታት ብዙዎችን አርክቷል። የዓሣ ሀብት የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶችም ሆኑ የባሕር ብክለትን የሚቆጣጠሩት፣ ውኃው ምን ያህል አልጌ እንደያዘ ካወቁ የቀረውን በግምት መሙላት እንደሚቻል ሲያስቡ ኖረዋል። አስተሳሰቡ ግን አንድ ነገር ይዘላል፤ አልጌውን የሚበላው ማን እንደሆነና የበላው ነገር ለመራባት ያበቃው እንደሆነ አይጠይቅም።

በላተኞቹ ዙፕላንክተን የሚባሉት ተንሳፋፊ እንስሳት ናቸው። ከእነርሱም በባሕር ዳርቻ ውኃዎች እጅግ የበዙት ኮፔፖዶች፣ የሽሪምፕና የክራብ የሩቅ ዘመዶች ሲሆኑ፣ የአብዛኞቹ ርዝመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አንዲት ኮፔፖድ ከእንቁላል ከወጣች በኋላ ስድስት የእጭነት ደረጃዎችን፣ ከዚያም አምስት የወጣትነት ደረጃዎችን፣ በእያንዳንዱ ቅርፊቷን እየጣለች አልፋ ለአካለ መጠን ትደርሳለች። ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ይህ ሁሉ በሦስት ሳምንት ገደማ ሊጠናቀቅ ይችላል። የሄሪንግና የኮድ ዓሣ ጫጩቶች ከእንቁላል ይዘውት የወጡትን ስንቅ እንደጨረሱ የሚጎርሱት የመጀመሪያ ጉርሻ አብዛኛውን ጊዜ የኮፔፖድ እጭ ነው። ጉርሻው በጊዜው ካልተገኘ ጫጩቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል። በሃምቡርግ ወይም በአምስተርዳም ገበያ በበረዶ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው ዓሣ ዕጣው የተወሰነው ከዓመታት በፊት፣ በእነዚህ ከሩዝ ፍሬ ባነሱ እንስሳት ማዕድ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀድሞ ኮፔፖዶች ውኃውን እንደ ወንፊት እያጠለሉ ያገኙትን ሁሉ የሚውጡ ፍጥረታት ተደርገው ይታሰቡ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ በአጉሊ መነጽርና በፈጣን ካሜራ የተቀረጹ ፊልሞች ይህን እምነት አፈረሱት። ኮፔፖዷ በአፏ ዙሪያ ባሉት እግር መሰል አካላት ውኃውን ወደ ራሷ ትስባለች፤ የሚመጣውን ሕዋስ ገና ሳይደርስ በሽታው ትለየዋለች፤ አንዱን ትይዛለች፣ ሌላውን ትገፋለች። ባሕሩ ላይ በዓይን የማይታይ ማዕድ አለ፤ ተመጋቢዎቹም ይመርጣሉ። መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱ ምግቡ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሬድፊልድ በ1934 ባወጣው ጥናት፣ በውቅያኖስ ውስጥ ያለው ፕላንክተንና በዙሪያው ያለው ውኃ የንጥረ ነገሮቻቸው መጠን እንደሚመሳሰል አመለከተ። በኋላም የታወቀው ጥምርታ ተቀመጠ፤ በአማካይ ለእያንዳንዱ አንድ የፎስፈረስ አቶም 16 የናይትሮጅንና 106 የካርቦን አቶሞች ይገኛሉ። አልጌ ግን እንደ አማካዩ አይኖርም። ፎስፈረስ ሲያጣ ፀሐይ እስካለች ድረስ ካርቦን ማከማቸቱን አያቆምም፤ በስታርችና በስብ ይሞላል እንጂ ፍሬያማነቱ ይቀንሳል። ከላይ ሲያዩት ያው አረንጓዴ ነው። ለበላተኛው ግን ሆድ የሚሞላ፣ አካል የማይሠራ ምግብ ይሆናል። ፎስፈረስ በተለይ ፈጥኖ ለሚያድግ አካል የግድ ነው፤ ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የተባለው ክፍል ከፎስፈረስ ብዙ ይወስዳልና። ጄምስ ኤልሰርና ሮበርት ስተርነር የተባሉ ሳይንቲስቶች በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን ሐሳብ በሰፊው አብራርተውታል። ከአዋቂዋ ኮፔፖድ ይልቅ እጩ በፎስፈረስ እጦት ቶሎ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስብ ነው። ኢ.ፒ.ኤ እና ዲ.ኤች.ኤ የሚባሉትን ረጃጅም የኦሜጋ 3 ስቦች አብዛኞቹ ኮፔፖዶች በበቂ መጠን ራሳቸው መሥራት አይችሉም፤ ከምግባቸው ማግኘት አለባቸው። ዳያተሞች፣ ማለትም በብርጭቆ መሰል ቅርፊት የተሸፈኑት አልጌዎች፣ በኢ.ፒ.ኤ የታወቁ ናቸው። ዳይኖፍላጀሌት የተባሉት ደግሞ በዲ.ኤች.ኤ ይበልጣሉ። አንዳንድ አረንጓዴ አልጌዎች ሁለቱንም የላቸውም። በዋሽንግተንም ሆነ በፍራንክፈርት ፋርማሲ በብልቃጥ የሚሸጠው የዓሣ ዘይት ዓሣው የሠራው ነገር እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ አልጌው ሠርቶት፣ ኮፔፖዷ አሳልፋው፣ ዓሣው አከማችቶት ነው እዚያ የደረሰው። አንዱ ደረጃ ላይ ከጎደለ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይጎድልበታል።

ይህ ጉድለት ወደ ሕዝብ ብዛት የሚተረጎመው በሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ጨካኝ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ ውኃ ውስጥ 100 እናቶች በአንድ ትውልድ 200 ቢሆኑና በሌላው ውኃ ግማሹ እንቁላል ሳይፈለፈል እየቀረ 100ዎቹ በ100 ብቻ ቢተኩ፣ ከአራት ትውልድ በኋላ በመጀመሪያው 1600 እናቶች ይገኛሉ፤ በሁለተኛው ግን 100ዎቹ እንዳሉ ናቸው። አራት ትውልድ ማለት በሞቃት ወራት ሦስት ወር እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። በሁለቱም ውኃዎች የነበረው የአልጌ መጠን፣ በሳተላይቱም ካርታ ላይ የታየው ቀለም፣ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። እናቶቹ የጣሉት እንቁላል ቁጥር እንኳ እኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከእንቁላሉ በሚወጣውና በማይወጣው መካከል ነው።

በቤተ ሙከራ የታየው ይህንኑ ያጠናክራል። አካርቲያ ቶንሳ የምትባለው የዳርቻ ውኃ ኮፔፖድ በአካሏ የምታከማቸው ስብ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ትናንት የበላችው ዛሬ በምትጥለው እንቁላል ላይ ይታያል። ጥሩ ምግብ ሲያገኙ በቀን በአሥሮች የሚቆጠር እንቁላል የሚጥሉት እናቶች፣ ምግቡ ሲቀየር በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ቁጥሩን ይቀንሳሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1999 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ሙከራ ነው። ዱናሊዬላ የተባለውን አረንጓዴ አልጌ ለኮፔፖድ እጮች በቀጥታ ሲመግቡ እጮቹ ማደግ ተሳናቸው። ያንኑ አልጌ መጀመሪያ ኦክሲሪስ ለተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት አብልተው፣ ኦክሲሪሱን ለእጮቹ ሲሰጡ ግን እጮቹ አድገው ለአካለ መጠን ደረሱ። መካከለኛው በላተኛ የጎደለውን ስብና ስቴሮል ሠርቶ ጨምሮበታል። ዱቄት ብቻውን የማይሆነውን እርሾ እንደሚያሻሽለው ዓይነት ነው። ከዚህ የምንረዳው በባሕር ውስጥ ያለው የምግብ ሰንሰለት መስመር ከመሆን ይልቅ ወጥ ቤት እንደሚመስል ነው፤ ከመካከል አንዱ አብሳይ ቢጠፋ ጥሬ ዕቃው በሙላት ተቀምጦ ማዕዱ ሊከሽፍ ይችላል።

እዚህ ላይ የሳይንስ ክርክሩ ራሱ ቀጥ ብሎ እንዳልሄደ መናገር ተገቢ ነው። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ዳያተም የባሕር እንጀራ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ ዳያተም ሲበዛ ኮፔፖድ ይበዛል፣ ኮፔፖድ ሲበዛ ዓሣ ይበዛል ተብሎ። በ1999 በናፖሊ የባሕር ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ግን ከአድሪያቲክ ባሕር ያልተጠበቀ ዜና አመጣ። ዳያተም በሞላበት ወቅት የተሰበሰቡ ኮፔፖዶች ከጣሉት እንቁላል የተፈለፈለው 12 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የዳያተሙ ወቅት ካለፈ በኋላ ግን 90 በመቶው ተፈልፍሏል። ዳያተሞቹ ሲሰበሩ የሚለቋቸው አልዲሃይድ የተባሉ ኬሚካሎች የፅንሱን ዕድገት እንደሚያቆሙ ታወቀ። አልጌው በላተኛውን እዚያው አይገድለውም፤ ዘሩን ያመክናል። ብልህ መከላከያ ነው። ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ሌላ ቡድን በዓለም ዙሪያ ዳያተም የሚበዛባቸውን 12 አካባቢዎች መርምሮ በየትኛውም ቦታ በዳያተም ብዛትና በመፈልፈል መጠን መካከል እንዲህ ያለ ተቃራኒ ግንኙነት እንዳላገኘ አስታወቀ።

ሁለቱን ጥናቶች አንዱ ሌላውን የሻረ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። በተፈጥሮ ባሕር ውስጥ ኮፔፖድ ከብዙ ዓይነት ሕዋስ መካከል ትመርጣለች፤ መርዛማውን በሌላው ታለዝባለች። ምርጫ ሲጠፋና አንድ ዝርያ ብቻውን ሲነግሥ ግን ያለውን ትበላለች፤ የዚያኑም ዋጋ ትከፍላለች። ጥያቄው እንግዲህ ዳያተም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ወደሚለው ሳይሆን፣ ሰው በባሕሩ ላይ የሚያደርገው ነገር ማዕዱን ያሰፋዋል ወይስ ያጠበዋል ወደሚለው ያመራል።

ለዚህ ከሰሜን ባሕር የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። በ1980ዎቹ ራይን፣ ኤልባና ሌሎች ወንዞች ከከተማና ከእርሻ የሚያመጡት ፎስፈረስና ናይትሮጅን ባሕሩን ከልክ በላይ አዳብሮት ነበር። አልጌው ሲበሰብስ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ የታችኛው ውኃ ኦክስጅን ያጣ ነበር፤ በቤልጅግና በኔዘርላንድስ የባሕር ዳርቻዎች ላይ ፌኦሲስቲስ ከተባለው አልጌ የሚመጣ አረፋ ተከምሮ ይታይ ነበር። በ1987 በለንደን የተሰበሰቡት የአካባቢው አገሮች ሚኒስትሮች ሁለቱንም ንጥረ ነገሮች ከ1985 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ገደማ ለመቀነስ ወሰኑ። ፎስፈረሱ ቀነሰ። ከፍሳሽ ማጣሪያና ከልብስ ማጠቢያ ሳሙና የሚመጣ በመሆኑ ምንጩ የሚታወቅ፣ ቧንቧው የሚያዝ ነበርና። ናይትሮጅኑ ግን ከእበትና ከማዳበሪያ፣ በመሬት ውስጥ ሰርጎ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ እርሻዎች የሚመጣ ነው፤ በተባለው ጊዜ ግማሹ አልቀነሰም።

ውጤቱ ማንም ያላቀደው ሆነ። በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት በጸደይ ወቅት በኔዘርላንድስ ዳርቻ አጠገብ ባለው ውኃ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ከፎስፈረሱ ጋር 375 ለ1 ደርሶ አግኝቶታል፤ የሬድፊልድ አማካይ 16 ለ1 እንደሆነ ያስታውሷል። ወደ መካከለኛው ባሕር ሲገቡ ጥምርታው ወደ 1 ለ1 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ የዓሣ ጫጩቶች መዋያ የሆነው የዳርቻ ውኃ በፎስፈረስ የተራበ አልጌ የሚበቅልበት ሆኗል። ከ1962 ጀምሮ በየሥራ ቀኑ የባሕር ውኃ ናሙና በሚወሰድባት በጀርመኗ ሄልጎላንድ ደሴት ያሉ ተመራማሪዎች ይህ ወዴት እንደሚያመራ ሞክረውታል። ፎስፈረስ ያነሰው አልጌ ለኮፔፖድ ተሰጠ፤ ኮፔፖዷ ደግሞ ለዓሣ ጫጩትና ለሎብስተር እጭ። ጉድለቱ ደረጃውን ተሻግሮ በበላተኛው በላተኛ ላይ ታየ፤ ጫጩቶቹም እጮቹም በደንብ ከተመገቡት ይልቅ ከስተው ተገኙ።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች፣ በተለይም የያዙት ዓሣና ዛጎል ያነሰባቸው፣ እንግዲያውስ የፎስፈረስ ቁጥጥሩ ይላላ ማለታቸው አልቀረም። ሐሳቡ ከላይ ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል፤ የጎደለውን መጨመር ነውና። ግን የተበላሸውን ሚዛን ለማስተካከል ሁለቱንም ወደ ላይ መስቀል ባሕሩን ወደ 1980ዎቹ አረፋ መመለስ ነው። ትክክለኛው መንገድ የዘገየውን ግማሽ መጨረስ፣ ማለትም ናይትሮጅኑን ማውረድ ነው። ይህ ለፖለቲከኛ የማይጥም መልስ መሆኑ አያጠራጥርም። በኔዘርላንድስ በ2019 ገበሬዎች በናይትሮጅን ገደብ ሳቢያ ትራክተሮቻቸውን ነድተው ዋና ዋና መንገዶችን የዘጉት ጉዳዩ ኑሯቸውን ስለነካ ነው፤ ቁጣቸውም ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ክርክሩ በአብዛኛው በየብስ ላይ ስላሉት ዕፀዋትና ስለ ተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ሲሆን፣ ዓሣ አጥማጁ ከገበሬው ባልተናነሰ ባለጉዳይ መሆኑ ብዙም አይነሣም። የአንዱ ማዳበሪያ የሌላው መረብ ውስጥ መግባቱን የሚያሳየው ያ ኮፔፖድ ድምፅ የለውም።

በእርግጥ ሁሉም ጥፋት የማዳበሪያ አይደለም። ሙቀትም ማዕዱን ይለውጣል። እንግሊዛዊው አሊስተር ሃርዲ የፈለሰፈው፣ በመርከብ ጀርባ እየተጎተተ ፕላንክተንን በሐር ጨርቅ ላይ የሚሰበስብ መሣሪያ ከ1931 ጀምሮ በሰሜን ባሕር አገልግሏል፤ ዛሬም ያገለግላል። በዚህ መዝገብ ካላነስ ፊንማርኪከስ የተባለችው የቀዝቃዛ ውኃ ኮፔፖድ ወደ ሰሜን እያፈገፈገች፣ ሞቃት የምትወደው ዘመዷ ካላነስ ሄልጎላንዲከስ ቦታዋን እየያዘች መሄዷ በግልጽ ተመዝግቧል። ሁለቱን ያለ አጉሊ መነጽር መለየት አይቻልም። ግን የመጀመሪያዋ በጸደይ፣ የኮድ ጫጩቶች አፋቸውን በሚከፍቱበት ጊዜ ስትበዛ፣ ሁለተኛዋ የምትበዛው በበጋው ማብቂያና በመጸው ነው። ማዕዱ ቀርቧል፤ እንግዶቹ ግን ከሄዱ በኋላ። በ2003 የወጣ ጥናት የሰሜን ባሕር ኮድ መመናመን ከአጥማጁ መረብ በተጨማሪ ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽ በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። በሙስካት ዳርቻ በክረምት ወራት ውኃው ወፍራም አረንጓዴ ሆኖ፣ ሌሊት ሲነካ ሰማያዊ ብርሃን ሲረጭ የሚታይባቸው ጊዜያት አሉ። ይህ ኖክቲሉካ የተባለ ፍጥረት ነው። ባለ አንድ ሕዋስ ቢሆንም ለዓይን የሚታይ ትልቅነት አለው፤ በውስጡ አረንጓዴ አልጌ አስጠግቶ ይኖራል፤ ዳያተምም ይበላል፤ የኮፔፖድ እንቁላል እንኳ አይተርፈውም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሰሜን ዐረቢያ ባሕር የክረምቱን የዳያተም ቦታ ሰፊውን ወስዷል። መንሥኤው የኦክስጅን ማነስ ነው የሚሉ አሉ፤ የሂማላያ በረዶ መሳሳት የክረምቱን ነፋስ አዳክሞ የንጥረ ነገሩን ፍሰት ቀንሶታል የሚሉም አሉ። ለአብዛኞቹ ኮፔፖዶች ግን ኖክቲሉካ ለጉርሻ የማይመች ትልቅ ነው። የሚበሉት ሳልፕ የተባሉት ዝልግልግ እንስሳትና ጄሊፊሽ ሲሆኑ፣ እነርሱን ዓሣ እምብዛም አይሻቸውም። በሳተላይቱ ካርታ ላይ ያ ባሕር ለምለም ነው።

የሚገርመው፣ በሰው ሠራሽ ገንዳ ዓሣ የሚያረቡ ነጋዴዎች ይህንን ሁሉ ካወቁት መቆየታቸው ነው። ለጫጩቶቻቸው የሚሰጡት ሮቲፈርና አርቴሚያ የተባሉ ጥቃቅን እንስሳት በተፈጥሯቸው ዲ.ኤች.ኤ እንደሚጎድላቸው ስለሚያውቁ፣ አስቀድመው በዘይት የበለጸገ መኖ ያበሏቸዋል። የእንስሳቱን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ ገንዳ ውስጥ የሚጨምር አርቢ ይከስራል። የባሕር አስተዳደር ግን ይህንን ትምህርት እስካሁን አልወሰደም። በአውሮፓ የባሕር ጤንነት መመዘኛዎች ውስጥ ክሎሮፊል ዋነኛ ቦታ አለው። የባልቲክ አገሮች በጋራ ኮሚሽናቸው በኩል የዙፕላንክተንን ብዛትና አማካይ መጠን መመዘኛ ማድረጋቸው የሚመሰገን እርምጃ ነው፤ ብዛትና መጠን ግን ያለፈውን ይናገራሉ እንጂ እናቶቹ ዛሬ በሚበሉት ነገር ነገ ምን እንደሚወለድ አይናገሩም።

ያንን ለማወቅ አዲስ ሳተላይት አያስፈልግም። ሕያዋን እንስት ኮፔፖዶችን ከባሕሩ በመረብ አውጥቶ፣ ባሉበት ውኃ ውስጥ በብርጭቆ ለ24 ሰዓት ማቆየት፣ የጣሉትን እንቁላል መቁጠር፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ስንቱ እንደተፈለፈለ ማየት ነው። ዘዴው ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ፣ ከአጉሊ መነጽርና ከትዕግሥት በቀር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ከአልጌው ናሙና ላይ የፎስፈረሱንና የስቡን መጠን መለካት ቢታከልበት የማዕዱ ሙሉ ዝርዝር ይገኛል። ወደ ሄልጎላንድ ውኃ ናሙና ለመቅዳት የምትወጣዋ ጀልባ ነገም ትወጣለች፤ ጥቂት ብርጭቆዎች የሚቀመጡበት ቦታ አይጠፋባትም።